በእሳት የተቃና መንጠቆ

ቂመኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። ድሬ ተወልጄ፣ በአንድ «አቦ ተይው» ስንቱ ነገር በሚረሳበት ከተማ አድጌ፣ እኔ ይሄን አመል ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። በራሴ ላይ የተደረገውን እንኳ እተወው ይሆናል። በወንድሜ ላይ የተደረገውን ግን እንዴት አድርጌ ልተወው?

ሥራዬ የማንሻ ዕቃ መመርመር ነው። ክሬኑን ራሱን አይደለም፤ ከክሬኑ በታች የሚንጠለጠለውን ነው። መንጠቆውን፣ ሰንሰለቱን፣ የሽቦ ገመዱን፣ ሸክም የሚታሰርበትን ቀበቶ። ሰው ክሬን ሲያይ ወደ ላይ፣ ወደ ትልቁ ብረት ነው የሚያንጋጥጠው። ጉድ የምትሠራው ግን ብዙ ጊዜ ታች ያለችው ትንሿ ናት። የመንጠቆ አፍ ትንሽ ከተከፈተ፣ ከሰንሰለት አንዷ ቀለበት ከሳሳች፣ አለቀ። እኔ የሽቦ ብሩሼንና ካሊፐሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ አጸዳለሁ፣ እለካለሁ፣ ደህናውን ደህና እላለሁ፣ የተበላሸውን አስቆርጣለሁ። ማስቆረጥ ስል የእውነት መቁረጥ ነው። ውድቅ የሆነ መንጠቆ ሙሉውን ከተተወ ነገ አንዱ አንስቶ ይሰቅለዋል። ስለዚህ እዚያው፣ ሰው እያየ፣ ለሁለት ይቆረጣል።

ይሄን ሥራ የመረጥኩት በወንድሜ እግር ምክንያት ነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ትምህርቱን ትቶ ከከተማው ዳር ያለ የግንባታ ብረት ማራገፊያ ግቢ ውስጥ ሸክም አሳሪ ሆኖ ገባ። ፌሮው በትልልቅ እስር ተጭኖ ይመጣል፤ እሱ ያስረዋል፣ መንጠቆው ላይ ያስገባዋል፣ ከዚያ በእጁ ለክሬኑ ሹፌር ምልክት ይሰጣል። ሥራውን ይወደው ነበር። መንጠቆ አፉ ላይ ሸክሙ እንዳያመልጥ የምትዘጋ ትንሽ ምላስ አለችው። የእሷ ሞላ ተሰብሮ ፎርማኑ «አቦ ያለ እሷም ይሠራል» ሲለው፣ ወንድሜ እሺ ብሎ አልተቀመጠም። ቤት መጥቶ ከእናቴ የሽቦ አልጋ ላይ አንድ ሞላ ነቅሎ ወሰደ። አልጋው አረንጓዴ ነበር፣ ሞላውም አረንጓዴ። እናቴ ጋደም ስትል አልጋው በአንድ ጎኑ ሰመጠባት። ያን ቀን የወረደበትን እርግማን ያልሰማ ጎረቤት የለም። እሱ ግን እየሳቀ «ነፍስ የሚያድን ሞላ ነው፣ መርቂኝ እንጂ!» ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት የፌሮው እስር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሥሩ የሚያርፍበት ጣውላ ጠሞ ተገኘ። ፎርማኑ ወንድሜን «ግባና አስተካክለው» አለው። ወንድሜ ቀና ብሎ ሸክሙን አየና ቆም አለ። «ግባ፣ እኔ አለሁ!» አለው ፎርማኑ። ገባ። መንጠቆው አፉን ከፈተ።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እሱ አልበቃ ብሎ ፎርማኑ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዓይኑን በጨው አጥቦ «ራሱ ነው የገባው፣ ማንም ግባ አላለውም፣ መርቅኖ ነበር» አለ። ወንድሜ ጫት ይቅም ነበር፤ ድሬ ላይ የማይቅም ስንት አለ? ግን ከሥራ በኋላ ነው እንጂ ቅሞ ሸክም አስሮ አያውቅም። ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች መንጠቆውን አዩት። አፉ ግጥም ያለ፣ ምንም ያልሆነ መንጠቆ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የአሳሪው ነው ተባለ። አብረውት የሚሠሩትም ዝም አሉ፤ እንጀራቸው ነው።

ወንድሜን ከእግሩ ይልቅ የጎዳው ስሙ ነው። ቀፊራ ገበያ ብቅ ሲል «ያ መርቅኖ ፌሮ ሥር የገባው» ይሉታል። ድሬ ደግሞ ቀልድ ከያዘች አትለቅም። ሊያገባት የነበረችው ልጅ አባት ሽማግሌዎቹን «በጫት ራሱን ለጣለ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብሎ መለሳቸው። እናቴ «ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» አለች። እኔ አልሰጠሁም። ለራሴ አስቀመጥኩት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰውዬ በሠራተኞቹ ፊት፣ በገዛ አፉ፣ «ግባ ያልኩት እኔ ነኝ» እንዲል።

ዓመታት አለፉ። ተማርኩ፣ ተቀጠርኩ፣ ከአዲስ አበባ ተመልሼ ድሬ ገባሁ። አንድ ትልቅ ደንበኛ የማንሻ ዕቃው ካልተመረመረ ብረቴን እዚያ አላራግፍም አለና መሥሪያ ቤቴ ወደዚያው ግቢ ላከኝ። ለአለቃዬ «ይሄ ሰውዬ የወንድሜን እግር የበላ ነው» ልለው እችል ነበር። ሌላ ሰው ይልክ ነበራ! አፌን ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩ። የደቻቱን ወንዝ ስሻገር ካሊፐሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ።

ፎርማኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፣ ቦርጭ አውጥቷል። ዕቃውን በሙሉ ቢጫ ቀለም ቀብቶ ጠበቀኝ። መንጠቆው ቢጫ፣ ሰንሰለቱ ቢጫ፣ ሁሉም የሰርግ ቤት መስሏል። መርማሪ ሲመጣ ቀለም የሚቀባ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ ይሄን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው የተማርኩት።

«እንኳን ደህና መጣሽ አቦ! ለስላሳ ይምጣልሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ይጠጡ» አልኩት።

«እርስዎ? ኧረ አቦ! አንቺ የድሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው። አንቱ የተባለ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ከተናጋሪው ጋር ተጣልቷል። የማን እህት እንደሆንኩ ግን አላወቀም፤ ያኔ ዩኒፎርም የምለብስ ልጅ ነበርኩ። እንዳያውቀኝ ጥርሴን ነክሼ ዕቃዬን ማውጣት ጀመርኩ።

ሰንሰለቶቹን በቲነር እየጠረግኩ አየኋቸው። አንዱ ሳስቷል፣ ለይቼ አስቀመጥኩት። ቀበቶዎቹ ደህና ናቸው። ትልቁ መንጠቆ ጋ ደረስኩ። ጨርቄን ቲነር አስነክቼ ምላሱን ጠረግኩ፤ ቢጫው ለቀቀ፤ ከሞላው ጥምዝምዝ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። የእናቴ አልጋ! ያ ረቢ! የወንድሜን እግር የጣለው መንጠቆ ራሱ፣ ዛሬም ሸክም እያነሳ።

አንገቱ ላይ ያለውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ከሥሩ የመዶሻ ጠባሳ አለ፣ እሳት የነካው ብረት ጥቁረትም አለ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ይሄ ሰውዬ የባቡር ልጅ ነው፤ አባቱ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ እንደነበር በሄደበት ሁሉ ያወራል። የእኛ ከተማ የባቡር ልጆች አንድ አመል አላቸው፣ ብረት አይጥሉም። የተጣመመውን በእሳት አቅልተው፣ በመዶሻ አቃንተው መልሰው ይሠሩበታል። የጋሪ ዘንግ፣ የበር ማጠፊያ፣ የአልጋ እግር፣ ስንቱ ዕቃ እንዲህ እየሆነ ኖሯል፤ ደግሞም ይይዛል። መንጠቆ ግን ሌላ ነው። አንዴ ሸክም ከከፈተው በኋላ በእሳት ብትገጥመው መልኩ ይመለሳል እንጂ ጉልበቱ አይመለስም። ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ እግሩ ሲቆረጥ፣ ይሄ ሰውዬ አጣሪዎቹ ሳይደርሱ ምድጃ አንድዶ የመንጠቆ አፍ ይገጥም ነበር። ከዚያ ወዲህም ስንት ሰው ከሥሩ እንዳመላለሰ አላህ ይወቀው።

«ይሄ በእሳት ተቃንቷል» አልኩት።

«የለም የለም፣ ሲመጣም እንዲሁ ነው።»

«ሸክም ጥሎ ያውቃል?»

«ኧረ ወላሂ! አንድ መርቅኖ የገባ ልጅ ነበር፣ ራሱ ባመጣው ጣጣ እግሩን አጣ። መንጠቆው ግን ንክች አላለም። ቆይ፣ ላሳይሽ!» አለና ወደ ክሬኑ ሹፌር እጁን አወዛወዘ። «ወሪያ! ያንን እስር አንሳው!»

አታንሱ ማለት ነበረብኝ። ሠራተኞቹን ግን «ወደ ኋላ፣ ሁላችሁም ወደ ኋላ» ብዬ ግድግዳው ጋ አስጠጋኋቸው እንጂ ማንሳቱን አልከለከልኩም። እስሩ ተነሳ፣ ከጣውላዎቹ በላይ ተንጠለጠለ። መንጠቆው ያዘ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አየሽ? እሳት ነክቶታል ብትዪም ጤነኛ ነው።»

«በእርግጠኝነት ጤነኛ ነው?»

«በልጆቼ እምላለሁ!»

ወደ ሸክሙ ሥር አየሁ። ከጣውላዎቹ አንዷ ጠማ ብላለች። አንቱታውን ተውኩት።

«ያቺ ጣውላ ጠማለች። ግባና አስተካክላት» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቀና ብሎ መንጠቆውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መንጠቆውን አየ።

«ግባ፣ እኔ አለሁ!» አልኩት።

ይሄኔ አወቀኝ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት። ላብ አጠመቀው። ሸክም ሥር ሰው እንዳይገባ መከልከል ሥራዬ ነው፤ እግሩን ቢያነሳ እይዘው ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ግን አላነሳም። ሠራተኞቹ ግድግዳው ጋ ቆመው ያዩታል። በልጆቹ የማለለት መንጠቆ ሥር አንዲት እርምጃ መግባት አቃተው። ማንም ሳያዘው ሹፌሩ እስሩን ቀስ አድርጎ መሬት አወረደው። ወንድሜ እግሩን ባጣበት ቀንም ሹፌሩ እሱ ነበር።

«አቦ አታዋርጂኝ» አለኝ ሰውዬው በሹክሹክታ።

«ማነው ግባ ያለው?»

«የቆየ ነገር ነው፣ ይቅር በይኝ...»

«ማነው ግባ ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይሰማም!»

«ግባ ያልኩት እኔ ነኝ! አልመረቀነም ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት!»

ሹፌሩ ከላይ ሆኖ «እኔም ሰምቻለሁ፣ ልናገር ይገባኝ ነበር» አለ። እሱን ሌላ ቀን እመጣበታለሁ ብዬ ለጊዜው ተውኩት።

መንጠቆው ይቆረጥ አልኩ። አንዱ ሠራተኛ የብረት መቁረጫ ኦክስጅኑን ሊያመጣ ሲል «አይ፣ እሱ ራሱ ይቁረጠው» አልኩ። ብረት የማይጥለው የባቡር ልጅ መነጽሩን አድርጎ፣ ያቃናውን መንጠቆ በገዛ እጁ ቆረጠው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልዋሻችሁ እንዴ? ጣፈጠኝ። ለግቢው ምንም ዓይነት የደህንነት ማረጋገጫ እንደማልሰጥ ነግሬው፣ ሞላው ያለበትን ግማሽ ብረት እስኪበርድ ጠብቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በቀጥታ ወደ ታይዋን ገበያ ሄድኩ። ወንድሜ እዚያ የስልክ ቻርጀርና ሽፋን ይሸጣል፤ ክራንቹን ከበስተኋላው አስደግፎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ብረቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው። አረንጓዴውን ሲያይ እጁ ቆመ።

«የእማዬ አልጋ» አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ፎክሬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ የሰውዬውን ድምፅ እያስመሰልኩ ነገርኩት። ሠራተኞቹ ሁሉ እንደሰሙ፣ ነገ ከተማው በሙሉ እንደሚሰማ ነገርኩት። እልል ይላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን ሞላውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ እየለቀቀ ያዳምጣል።

«ግባ፣ እኔ አለሁ አልሽው?»

«አዎ፣ ልክ አንተን እንዳለህ!»

«ገባ?»

«የት አባቱ ይገባል!»

ሳቀ። ታይዋን ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቆይቶ ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ብረቱን መልሶ ሰጠኝ።

«እኔ ግን ገባሁ» አለ። «አለሁ ሲለኝ አመንኩትና ገባሁ።»