ፎክሲ ማለት

«ፎክሲ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ለመማር የአባ ዲጋን ቡና ከፍያለሁ።

ጅማ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አንድ እፍኝ ቡና ሰፌድ ላይ በትኖ «ስቲንከሩን ልቀም» አለኝ። ትምህርቴ እዚያ ድረስ አልሄደም። እያነሳሁ ሳሸት ገባኝ፤ የሚገማው ፍሬ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነስ ቀላል ነው አልኩ። ደግ ዘመን ነበር፤ ቃሉ ሁሉ ይሸተታል።

ኋላ የራሴን ንግድ ከፈትኩ። አባ ዲጋ አጋሮ አጠገብ ቡና ማጠቢያ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ማንም በማያውቀኝ ጊዜ ቡናቸውን የጫኑልኝ እሳቸው ነበሩ። መኪናው ሲነሳ «እኔ ቢስሚላህ ብያለሁ፣ አንተም በራስህ በኩል በል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን ፈረንጅ ገዢ መጋዘኔ መጣ። አባ ዲጋ ናሙናቸውን ይዘው ቆመዋል። አስተርጓሚዬ ደረጀ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የተማረ ልጅ ነው። ፈረንጁ ፍሬውን አገላብጦ «ፎክሲ» አለ።

«ምን አለ?» አሉ አባ ዲጋ።

ደረጀ ስልኩን ነካክቶ «ጋሼ፣ እንደ ቀበሮ ተንኮለኛ ማለት ነው» አለኝ።

እንደ ወረደ ነገርኳቸው።

«እኔን ነው?»

«እንግዲህ እዚህ ሌላ ሻጭ የለም።»

ጫኞቹ ሳቁ። አባ ዲጋ «ወላሂ አንድ ፍሬ አልቀላቀልኩም!» ብለው ወጡ።

ፈረንጁ ግራ ገባው። አንድ ቀላ ያለ ፍሬ መርጦ አሳየን፤ ከስልኩ የቀበሮ ፎቶ አውጥቶ ጸጉሯን በጣቱ ነካ። ቃሉ የመጣው ከቀበሮ ተንኮል ሳይሆን ከቀለሟ ነው። የኛዋንስ ቀይ ቀበሮ አይደል የምንላት? እሸት ቡናው ሳይፈለፈል ሲያድር የፍሬው ገለፈት እንዲያ ይቀላል።

በማግስቱ ፍሬዋን ይዤ አጋሮ ወረድኩ። አባ ዲጋ አዩዋት።

«መፈልፈያው ተበላሽቶ ያደረው ነው። መቅላቱን መች አጣሁት?»

«ታዲያ ይታረቁኝ። ያለው ፈረንጁ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ የፈረንጅ አፍ አልሰማም። ከማን አፍ ሰማሁት?»

ፍሬዋን ወደ ኪሴ መለስኳት።

«ጫኞችህ አገር አዳርሰውታል። ገበያ ስገባ ‘ቀበሮው መጡ’ ይሉኛል። በአንቱታ መሆኑ ነው እንግዲህ።»

ሻይ ጋበዙኝ። ስለ ቡና ግን አላነሱም።

አሁን እንግዳ ቃል ስሰማ መጀመሪያ «በጣትህ አሳየኝ» እላለሁ፤ የምናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አባ ዲጋ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። ቡናቸውን ሌላ ሰው ይጭናል።