ከኖኅ መርከብ ያልወረደ ስብከት

ደርግን የሚያመሰግን ሰው አልወድም። እኔ ራሴ ግን አንድ ውለታውን መካድ አልችልም፤ ሰባኪ አሳጥሮ እንዲናገር ያደረገ መንግሥት እሱ ብቻ ነው።

ያኔ የምንኖረው ልደታ ነበር። እኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለእናቴ ስል ነው። የደብራችን ሰባኪ የተማሩ፣ ድምፃቸውም ያማረ ሰው ነበሩ። ችግራቸው ከአዳም ካልጀመሩ አይሆንላቸውም። ስለ ጾምም ከአዳም፣ ስለ ምጽዋትም ከአዳም። እግዚአብሔር በስድስት ቀን የፈጸመውን ፍጥረት እሳቸው በስድስት እሑድ አይፈጽሙትም። ኖኅ እንስሳቱን መርከብ ውስጥ ማስገባት ሲጀምር ቀበሌው ዛፍ ላይ የሰቀለውን የሃዲድ ቁራጭ መደብደብ ይጀምራል። ስብሰባ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። ምዕመኑ ነጠላውን ሰብስቦ ይሮጣል፤ መምህሩ ከእንስሳቱ ጋር ይቀራሉ።

ቀበሌ ስንደርስ ደግሞ ካድሬው ስለ ሰፈሩ ቧንቧ ለመናገር ከጥንታዊው የጋርዮሽ ሥርዓት ይነሣል። ከገነት ራቁታችንን ወጥተን ዋሻ ውስጥ ራቁታችንን እንገባ ነበር።

በግቢያችን አንዲት ጎረቤት ነበረችን። አንድ ልጇን በቀይ ሽብር ገድለውባታል። ሬሳውን አልሰጧትም፤ እንዳታለቅስም ከልክለዋታል። አንድ እሑድ መምህሩ «ዛሬ ስለ ናይኗ መበለት እንማራለን» ብለው ጀመሩ፤ ጌታ የሞተ ልጇን ስላስነሣላት እናት ማለት ነው። ጎረቤታችን ወደ ፊት ተጠጋች። ግን አዳም መጣ፤ ኖኅ መጣ፤ ሃዲዱ ተደበደበ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። በመጨረሻ እኔና እናቴ አብረናት ሳለን መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«መምህር፣ የናይኗ እናት መቼ ነው የምትደርሰው?»

«ልጄ፣ ነገር ከሥሩ ካልተያዘ እኮ…»

«እኔ እንደሆንኩ ከኖኅ መርከብ መውረጃ አጣሁ! ሃዲዱ ሲመታ ዘልዬ ውሃው ውስጥ ነው የምገባው።»

እናቴ ነጠላዋን ጎተተቻት። መምህሩን አጅበው የነበሩት ዲያቆናት ሳቃቸውን ዋጡ።

«ትዕግሥት የለሽም!» አሉ መምህሩ ተቆጥተው።

«ትዕግሥትማ ከኔ ወዲያ!» አለቻቸው።

በሚቀጥለው እሑድ መምህሩ ቆሙ። አዳም የለም።

«በናይን አንዲት እናት አንድ ልጇ ሞተባት» አሉ። «ሬሳውን አልነሷትም። ሕዝቡም አብሯት ወደ መቃብር ወጣ። ጌታ ‹አታልቅሺ› አላት፤ ልጇንም አስነሣላት። ‹አታልቅሺ› ማለት የሚችል ማስነሣት የሚችል ብቻ ነው።»

ይህን ብለው ተቀመጡ።

እልል ያለ የለም። ጎረቤታችን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሌሎች እናቶችም ተከተሏት። ሃዲዱ ተደበደበ። እሷ አልተነሣችም። የዚያን ጊዜ ስኳሯ በዚያው ቀረ።

መምህሩን ቀበሌ ጠራቸው። ካድሬው «ምን ለማለት ፈልገው ነው?» ሲላቸው «ከሥሩ ላስረዳችሁ» ብለው ከአዳም ጀመሩ። ኖኅ እንጨት ሳይቆርጥ «በቃ፣ ይሂዱልን!» ብለው አሰናበቷቸው። ረጅም ስብከት ጠቅሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደርግ ወደቀ። ሃዲዱን ማን እንደወሰደው አላውቅም። የሚያሯሩጥ ሲጠፋ መምህራችን ወደ አዳም ተመለሱ፤ አሁን ኖኅን አልፈው የባቢሎን ግንብ ላይ ሲደርሱ ምሳ ሰዓት ይሆናል። ሌላው ሰው በነፃነት ተቀምጦ ያንቀላፋል። ጎረቤታችን ግን ገና መርከቡ ሲሠራ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች።

አንድ ቀን በር ላይ አግኝቻት «እትዬ፣ ሳያልቅ ወዴት ነው?» አልኳት።

«የኔ አልቋል» አለችኝ።