እናቴ ያልበላችው ስኳር

በደርግ ዘመን አዳማ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ከወላጆቼ ጋር እኖር ነበር። እናቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ በየጠዋቱ ኢንሱሊን የምወጋት እኔ ነበርኩ። ማቀዝቀዣ ስላልነበረን መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ እናኖረዋለን። ሽንቷንም እመረምራለሁ። ከሆስፒታል በሚሰጠን ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጥቂት ጠብታ ጨምሬ ቡታጋዝ ላይ አፈላዋለሁ። ቀለሙ ካልተለወጠ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት አለ፤ ብርቱካንማ ሆኖ እንደ ሸክላ ከቀላ ብዙ ነው።

የእናቴ ጠዋት ጠዋት እንደ ሸክላ ይቀላ ነበር። ሰውነቷም እያለቀ ሄደ። ልብስ ሰፊ ስለነበረች ቀሚሶቿን ራሷ በየጊዜው እያጠበበች ትሰፋቸው ነበር።

አባቴ ነገሩ የገባው መሰለው። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምናገኘውን ስኳር ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። በዚህም አልረካም። ከወንጂ በኩል የሚመጣ ሸንኮራ ገበያው ሞልቶ ስለነበር፣ ተደብቃ ትበላለች ብሎ ጓሮውን እየዞረ አኝካ የተፋችውን ሲፈልግ አየሁት። ምንም አላገኘም።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ስኳር ከየት መጣ?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው።»

ሁዳዴ ሲገባ ብንለምናትም መጾሟን አልተወችም። ትምህርት በሌለበት አንድ ቀን፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር ዋዪ፤ ማታም እዚሁ እኔ አጠገብ እደሪ። ከዓይንሽ አልጠፋም» አለችኝ። አብሬያት ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ሽሮ በጥቂቱ ቀመሰች። ከመተኛቷ በፊት ስመረምራት ፈሳሹ አረንጓዴ ሆነ። አልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። ስንነሳ ደግሜ መረመርኩ፤ አባቴም መጥቶ ቡታጋዙ አጠገብ ቆመ። ፈሳሹ እያየነው ቀላ።

«ምንም ሳትቀምስ ጨመረ?» አልኩ።

«ፈሳሹ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ አባቴ። ወጣ ብሎ የራሱን ሽንት በብርጭቆ ይዞ መጣና፣ «በዚህ ሞክሪው» አለኝ። አፈላሁት። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

እናቴ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አባቴ ግን ኮቱን ለበሰና፣ «ተነሱ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለ።

ዶክተሩ ወጣት ነበር። መጾሟን ሲሰማ ደነገጠ። «እማማ፣ መርፌ እየተወጉ መጾም አደገኛ ነው። ስኳሩ በድንገት ቢወርድ ራስዎን ይስታሉ» አላት። የንስሐ አባቷን አማክራ ጾሙን እንደምታቆም ቃል ካስገባት በኋላ፣ ያየነውን ነገርኩት።

«ስኳሩን የሚሠራው ጉበታቸው ነው» አለን።

አባቴ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። «ጉበት ስኳር ይሠራል?»

«የእርስዎም ይሠራል። ሌሊት ሳንበላ የምንቆየው በእሱ ነው። በእያንዳንዱ የጉበት ህዋስ ውስጥ፣ ዘረ መል ላይ የተጻፈ መመሪያ አለ። መመሪያው ሲነበብ ስኳር የሚሠሩ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። ኢንሱሊን ሲኖር ንባቡ ይቀንሳል። የእማማ የጠዋት መርፌ ሌሊት ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ የሚገታው ስለሌለ ጉበቱ ያለ ልክ ያመርታል።»

ዘረ መል ለእኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስለው፣ ልጅ ለምን አባቱን እንደሚመስል የማስረዳበት ነገር ነበር። በእናቴ ጉበት ውስጥ በየሰዓቱ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አስቤው አላውቅም።

«ከምን ነው የሚሠራው? ምንም አልበላችም እኮ» አልኩት።

«ዋናው ከጡንቻቸው የሚመጣው ፕሮቲን ነው።»

እናቴ ክንዷን ዳሰሰች። «እንግዲያው ራሴን ስበላ ነው የከረምኩት» አለች።

«ይቆማል፣ እማማ» አላት ዶክተሩ፤ መርፌውን ጠዋትና ማታ አደረገላት።

ሳምንታት አለፉ። የጠዋቱ ቀለም ከሸክላ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። አንዳንዴም ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ጉንጯ ሞላ። አባቴ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉበት እንዴት ስኳር እንደሚሠራ፣ ራሱ እንደደረሰበት ሁሉ ያስረዳ ጀመር። እናቴ ታዳምጠዋለች፤ ሲሳሳት ታርመዋለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ ሌላ የሚያስቸግራት ነገር እንዳለ ጠየቃት።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለችው። «ኢንሱሊኑ ጉበቴን አቁም የሚለው በምን አፉ ነው? ጉበትስ በምን ይሰማዋል?»

«ህዋሱ ላይ የሚቀበለው ነገር አለ። መልእክቱ ከዚያ ወዲያ ዘረ መሉ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ ግን ገና እየተጠና ነው።»

«ሲደርሱበት ይንገሩኝ» አለችው፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።