የአዋሹ መርፌ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሰመራ ሆስፒታል ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ አስም ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ጥናት መጠየቅ ነበር። በሽታው ምን እንዳስከተለባቸው፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ለመድኃኒት አለርጂ ይኖርባቸው እንደሆነ እየጠየቅሁ ቅጽ እሞላለሁ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ጥያቄውን የማነበው ከወረቀቱ ቀና ሳልል ነበር።

ከሁሉም የምወዳቸው አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ወሎዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ፣ ሲመላለሱ ኖረው፣ በመጨረሻ ሰመራ ሻይ ቤት ከፍተው ቀሩ።

"ልጄ፣ ድምፅሽን ጉምሩክ ያዘብሽ እንዴ?" አሉኝ ገና እንደተቀመጡ። "ገላፊ የማውቀው ሰው አለ፣ ላስለቅቅልሽ።"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አነበብኩ፤ "ለመድኃኒት አለርጂ አለብዎት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ የለብኝም።"

"የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ጨርሰን ሲነሱ ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉ። "አሁን ደግሞ እዚህ ጎን ለጉልበቴ ሊወጉኝ ነው። እንደ አዋሹ መርፌ ካልተጣላኝ!" እያሉ ወጡ። ያው ቀልዳቸው መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ቅጹን ወደ ማኅደሩ ልክተት ስል ግን እጄ ቆመ። መርፌ እንዴት ሰው ይጣላል?

ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጬ የመርፌ ክፍሉን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ። ነርሷ መድኃኒቱን ቀድታለች።

"ሲስተር፣ እንዳትወጊያቸው!"

ሁለቱም ዞሩ። እኔም የማን ድምፅ እንደሆነ ግራ ገባኝ።

"አባባ፣ አዋሽ ምን ሆነው ነበር?"

"ለዚሁ ጉልበቴ ወጉኝ። አዋሽ አርባ እንኳ ሳልደርስ ደረቴ ተቆለፈ። ሌላ ሾፌር ነው በነፍስ ወደ ክሊኒኩ የመለሰኝ።"

"ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን የለም አሉኝ?"

"አንቺ የጠየቅሽኝ አለርጂ ነዋ! አለርጂ ማስነጠስ አይደል? ይሄ እኮ ጠብ ነው።"

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። አንዳንድ ማስታገሻ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ እንደሚችል ነገራቸውና ካርዳቸው ላይ በቀይ ጻፈ። የተቀዳው መርፌም ተጣለ።

"ድምፅሽ ያለ ቀረጥ ገባ!" አሉኝ እሳቸው።

ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ የቀደሙትን ቅጾች ገለጥኩ። "የለም"፣ "የለም"፣ "የለም"፤ ሁሉም በእኔ ንጹሕ ምልክት። በጽዳታቸው እኮራባቸው ነበር። ከእነዚህ ስንቱ ማስነጠስ የለብኝም ማለቱ እንደነበር አላውቅም። ያን ዕለት ጥናቱን ለሚመራው ሐኪም ስህተቴን ነገርኩት፤ ጥያቄውን ሰው በሚገባው አነጋገር እንድንጠይቀው ለመንኩት። ተስማማ። የጠየቅኋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ጠራሁ።

ሾፌሩም መጡ። መልሳቸውን ባውቀውም ተራቸውን አልዘለልኩም። በዚህ ጊዜ ቀና ብዬ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ወስደውት ያልተስማማዎት መድኃኒት አለ?"

"አለ እንጂ፣ የአዋሹ መርፌ" አሉ፤ ወደ ወረቀቱም በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ጻፊው። ደግሞ ሽማግሌ ሆነሽ እንዳታስታርቂን።"