ከዴስክ ሥር የጀመረው ባንድ

እኔና እሷ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ሦስት ሳምንት ጓደኞች ነበርን። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ እውነቴን ነው ግን። ሁለታችንም ሴቶች፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን፣ አዳማ፣ ገና ከረፋዱ የቆርቆሮ ጣሪያው በሙቀት መንቋቋት በሚጀምርበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ። እሷ በቀኜ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ከሌላ ከተማ በቅርቡ ስለመጣች ማንንም አታናግርም። እኔ ደግሞ እዚያው ተወልጄ እዚያው አድጌ ማንንም አላናግርም። የእሷ ቢያንስ ምክንያት ነበረው።

ጓደኛ ያደረገን ስልኳ ነው። ከዴስክ ሥር ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የጃፓን ማንጋ ታነብ ነበር፤ በሥዕል የሚተረክ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ፣ አንድ ደግ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ቴሌግራም ላይ የጫነው ታሪክ። ባለታሪኮቹ ሁለት ዓይናፋር ሴት ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ጊታር ትመታለች፣ ሌላዋ ማንም በሌለበት ብቻ ትዘፍናለች። ባንድ ይመሠርታሉ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ኧረ በጣም ቀስ በቀስ፣ ይዋደዳሉ። እኔ በዓይኔ ጠርዝ እየሰረቅኩ ነበር የማነበው፤ አንገቴ እስኪደርቅ።

በሁለተኛው ቀን መሰለኝ አንድ ነገር ገባኝ። ገጹን ጨርሳለች፣ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ግን አትገለብጥም። እኔን እየጠበቀች ነው! ለማረጋገጥ ብዬ አንዱን ገጽ አውቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጠበቀችኝ። ቀና ስል ገለበጠች። ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከተማርነው እስከ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም።

እንዲህ እያልን ሁለቱ ልጆች የትምህርት ቤታቸው ሰገነት ላይ ብቻቸውን የሚቆሙበት ቦታ ደረስን። ጊታር መቺዋ እጇን ዘረጋች። "ውይ!" አልኩ። በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የፊዚክስ መምህራችን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው መጡና ስልኩን ከጉልበቷ ላይ አንስተው ወሰዱት።

በትምህርት ቤቱ ደንብ የተወሰደ ስልክ ወላጅ ካልመጣ አይመለስም። ወላጅ ማለት አባቷ ናቸው። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ደግሞ እጅ ለእጅ ሊያያዙ ምንም ያልቀራቸው ሁለት ሴት ልጆች ናቸው። ፊቷ አመድ መሰለ። በእኔ አፍ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ይቅርታ" አልኳት፤ ለእሷ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። እሷ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ፣

"ያዘቻት?" አለችኝ።

"እ?"

"እጇን ነዋ። እኔ ገጹን አልጨረስኩትም ነበር። ያዘቻት?"

በዕረፍት ሰዓት ሁለታችንም መምህራን ማረፊያው በር ላይ ተገትረን ቆምን። መምህሩ ወጡና ከላይ እስከ ታች አዩን።

"ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ።

"እናንተ ልጆች ድምፅ አላችሁ እንዴ?" አሉ። "ከመስከረም ጀምሮ ዛሬ ገና ሰማኋችሁ።" የሙዚቃ ክበቡ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ ክበቡ ደግሞ በዚያን ጊዜ አንድ አባል ነበረው። "ከሁለታችሁ የሙዚቃ መሣሪያ የምትችል አለች?"

እኔ እሷን ለማዳን የማልለው አልነበረም። "ኪቦርድ፣ ቸርች ውስጥ፣ ትንሽ ትንሽ" አልኩ። እሷም ከኋላዬ "ክራር። ሰንበት ትምህርት ቤት" ስትል ሰማኋት። መምህሩ ስልኩን ከኪሳቸው አወጡና፣

"በሉ ወላጅ ይቅር። ሐሙስ ከሰዓት መጋዘኑ ጋ እጠብቃችኋለሁ" አሉን።

የክበቡ ብቸኛ አባል ከበሮ የምትመታ ልጅ ነበረች። ለእኛ ሊሰጠን የነበረው ድፍረት በሙሉ ለእሷ የተሰጣት ይመስላል። ቤቷ ኦሮምኛ ነው፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፤ ስትናደድ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች። የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት መጋዘን በር ላይ ቆመን ስናመነታ ስታየን "ኮታ! ኑ እንጂ! ዘበኛ ናችሁ እንዴ በር ላይ የምትቆሙት?" ብላ በክንዳችን ጎትታ አስገባችን። ድምፅ ያላት እሷ ስለሆነች ዘፋኟም እሷ ሆነች። እኛ ደስ አለን፤ ከኋላዋ መደበቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ አጨዋወቴ መናዘዝ አለብኝ። እኔ የማውቀው ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ነው። ቸርች ውስጥ ያስተማረኝ ወንድም የሚጫወተው እንዲያ ነው፤ እሱን ያስተማረውም እንዲያ ነበር። ጥቁሮቹን ብቻ ስትነኪ የትዝታ ቅኝት ራሱ ይመጣልሻል። ዘማሪዋ "ዝቅ አድርጊልኝ" ካለችሽም ጣትሽን ማዛወር አያስፈልግም፤ ትራንስፖዝ የምንለውን ነገር ሁለት ሦስቴ ትጫኚና ኪቦርዱ በሙሉ ዝቅ ይልልሻል። ለከበሮ መቺዋ ድምፅ ሦስት ጊዜ ወደ ታች እጫናለሁ፣ ክራሯ በዚያው ልክ ትቃኛለች፣ አለቀ። ከዚያ በላይ አስቤበት አላውቅም።

ክራር መቺዋ ስትቃኝ ማየት በጣም እወድ ነበር። ጆሮዋን ወደ ክሮቹ ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን ጊዜ ብቻ ሰው ፊት መሆኗን ትረሳለች። አንድ ክር እስኪስተካከል ድረስ ስንት ደቂቃ ቢፈጅ ግድ የላትም። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ፤ እሷን ግን ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ አያታለሁ።

ከልምምድ በኋላ ስልኩን መሃላችን አድርገን ማንጋውን እንቀጥላለን። ከዚያ ጋሪም ባጃጅም እያለ በእግራችን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ወደ ቤት። አንድ ቀን በዚሁ ነገር መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። እነዚያ ልጆች እጅ ለመያያዝ ስንትና ስንት ገጽ ፈጀባቸው፣ ላብ በላብ ሆኑ፣ እንቅልፍ አጡ፤ እኛ አዳማን ከዳር እስከ ዳር ተያይዘን ስናቋርጥ ዞር ብሎ የሚያየን የለም። ጓደኛሞች ሁሉ እንዲህ አይደለም የሚሄዱት? "እዚህ ቢሆን ታሪኩ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያልቅ ነበር" አለች። ሳቄን ጨርሼ ቤት ስገባ ግን ከፋኝ። እጅ መያያዝ ምንም የማይናገርበት አገር ውስጥ እኔ በምን ልንገራት?

ምኑን እንደምነግራት እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ወድጃታለሁ። ጓደኝነት የሚለው ቃል ጠበበኝ፣ ሌላ ቃል ደግሞ አልነበረኝም፤ ዛሬም ያለኝ አይመስለኝም። የማውቀው ጠዋት ከቤት ስወጣ መሮጥ እንደሚያምረኝ ነው።

ስለዚህ ዘፈን ጻፍኩ። ደብተሬ አናት ላይ "በቀኜ ለምትቀመጠው" ብዬ ጀመርኩ፤ ወዲያው ደነገጥኩና በአንድ መስመር ሰርዤ "ለአዳማ ነፋስ" አልኩት። ማን ይጠረጥራል? ነፋሳችን እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲያለብሰን ይኖራል፣ አንድ ዘፈን ቢዘፈንለት ምን አለበት። የመጀመሪያው ስንኝ እንዲህ ይላል፦

መስኮቱ ይከፈት፣ ነፋሱ ይግባልኝ፣
ቃል አልወጣ ቢለኝ እሱ ይንገርልኝ።

ከበሮ መቺዋ "ለነፋስ? ለሙዝና ለሐብሐብ ሳይዘፈን ለነፋስ?" ብላ ቀለደችብኝ፤ ወደደችው ግን። ዜማውን ያወጣችው ክራር መቺዋ ናት። ለራሷ መሆኑን ሳታውቅ ሁለት ሐሙስ ለፋችበት፤ እኔ ኪቦርዴ ላይ አቀርቅሬ በደስታ ልሞት ደረስኩ።

በዚያው ሰሞን ክፍላችን ሶደሬ ለሽርሽር ሄደ። ሌሎቹ ፍል ውኃው ውስጥ ሲንጫጩ እኔና እሷ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ግጥሙን ስናስተካክል አንዲት ጦጣ ዱብ አለችና ደብተሬን ይዛ እብስ! ጮኼ መነሳት እንኳ አቃተኝ። ያቺ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን የማትተያይ ልጅ በባዶ እግሯ ጦጣዋን ወደ አዋሽ ዳር አባረረቻት። ቆይታ፣ በጣም ቆይታ፣ ደብተሩን ይዛ ተመለሰች። ያ የሰረዝኩት መስመር በግልጽ እንደሚነበብ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

"አነበብሽው?" አልኳት።

"ጦጣዋ ናት ያነበበችው" አለችና አቧራውን አራግፋ ዘግታ ሰጠችኝ። ከዚያ ጫማዋን አደረገች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ነገረችኝ። አባቷ የእርሻ ባለሙያ ናቸው፣ ሥራቸው ወደ አዳሚ ቱሉ ተዛውሯል፤ ቤተሰቡ እዚያው አቅራቢያ፣ ባቱ ከተማ ሊኖር ነው። የሚሄዱት በወላጆች ቀን ማግስት ነው። የወላጆች ቀን ደግሞ የእኛ ባንድ የመጀመሪያ መድረክ ነበር። ሰው ሁሉ "ምን አላት፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ናት" ይለኛል። ከአንድ ዴስክ ወደ ሁለት ሰዓት መንገድ! ተናደድኩ፤ በሰዎቹም፣ በመንገዱም፣ በአዳሚ ቱሉ ሽንኩርት ሁሉ። ሳትሄድ ዘፈኑ የእሷ መሆኑን ማወቅ አለባት። በአፌ ልነግራት ሞክሬ ሁለቴ ስለ ሂሳብ የቤት ሥራ አውርቼ ተመለስኩ። ስለዚህ የቀረኝ መድረኩ ብቻ ነበር፤ ዘፈኑ ካማረ፣ እያየኋት ከተጫወትኩ፣ ይገባት ይሆናል።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ላይ ድንኳን፣ ከነጠላቸው እስከ ሱፋቸው ያጌጡ ወላጆች፣ ከፀሐዩ ብሶ የሚጋረፍ ስፒከር። የቸርቻችንን አሮጌ ኪቦርድ በባጃጅ አምጥተነዋል። ትራንስፖዙን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጫንኩ፣ ክራሯ ተቃኘች፣ ከበሮዋ ገባች። እንዴት ያምር ነበር! የመጀመሪያው ስንኝ አልቆ እናቶች ማጨብጨብ ሲጀምሩ መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩ ተንኳኩቶ ተነሳ፣ መምህሩ "ከመጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው!" ብለው አጨበጨቡልን፣ ጀመርን። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ኪቦርዱ ሌላ ቦታ፣ ክራሩ ሌላ ቦታ፤ ከበሮ መቺዋ የኔን ልትከተል ድምፅዋን ስትሰቅል ተሰነጠቀ። መብራት ሲጠፋ ትራንስፖዙ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ቸርች ውስጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ያን ቀን ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ። በጥድፊያ ስነካካ ደግሞ ሌላ ነገር ተጫንኩና የዲስኮ ምት ተለቀቀ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ከበሮ መቺዋ ዞራ "ምን ነካሽ?" አለችኝ። እኔ ኪቦርዱን አጠፋሁት።

ክራር መቺዋን አየኋት፤ መሬት መሬት እያየች ነበር። ነገ ትሄዳለች፣ የዘፈኗ መጨረሻም በዲስኮ ላይ የተሳቀ ሳቅ ሊሆን ነው። ንዴቱ ይሁን ፍቅሩ አላውቅም፣ ከኪቦርዱ ኋላ ወጣሁና ማይኩን ከከበሮ መቺዋ ፊት አነሳሁ። "መስኮቱ ይከፈት" አልኩ። እኔ! የክራሯን ቃና የማዳምጥበት ልብ አልነበረኝም፤ ከእሷ በጣም ወርጄ፣ ድምፄ እንደመጣልኝ ጀመርኩ። አሁንም አልገጠመም። አቋርጬ ልሮጥ ስል ክራር መቺዋ መምታቷን አቆመች።

ዓይኗን ጨፍናለች። ጆሮዋን አሁን ያዘነበለችው ወደ ክሮቹ ሳይሆን ወደ እኔ ነው። ገባኝ፤ ያንኑ ስንኝ ደጋገምኩላት። አንዱን ክር አላላች፣ ቀጠለች፣ ሁለተኛውን። ከበሮ መቺዋም ነቃችና ሕዝቡን ማስጨብጨብ ጀመረች። ስድስተኛው ክር ላይ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠችና ገባች፤ ትክክል ድምፄ ላይ። እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት፣ ወደ ወላጆቹ አንዴም ሳልዞር። ጭብጨባውን አላስታውሰውም፣ እንደነበረ ግን እናቴ እስካሁን ታወራዋለች።

ከድንኳኑ ጀርባ ሦስታችንም ተቃቅፈን ጮኽን። ከበሮ መቺዋ "ገለቶማ! አመሰግናለሁ፣ እንኳን አዋረዳችሁኝ!" እያለች ውኃ ልታመጣ ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

"የነፋሱ አይደለም፣ አይደል?" አለች።

"አይደለም።"

"አውቃለሁ። ከሶደሬ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺ አልጨረስሽማ" አለች። "ሳትጨርሺ እንዴት ልገልብጠው?"

ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እጄን ያዘችና ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ዞር ብሎ ያየን አልነበረም። እኔ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።