ፊውዝ የነብሮን አምፖል የገጠመ ዕለት

ጎረቤቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ፊውዝ ይለዋል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጎማ እጠግናለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመት ጉርብትናችን ከአሥር የማያንሱ ሰዎችን ከእጁ አላቅቄያለሁ፤ አንዴም ለሌላ ሰው የሰነዘረው ቡጢ እኔን አግኝቶ የፊት ጥርሴን አነቃነቀው። በማግስቱ መጥቶ «ለመሆኑ ጥርስህ እዚያ መሃል ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

አንድ ደንበኛ ሌባ ቢለው ከመሬት ያነሣውን ባትሪ በሰውዬው መኪና የፊት መስታወት አሳልፎ ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠለት። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ እጁ እየደማ ስብርባሪውን ከወንበሩ ስንጥቅ ሳይቀር በጣቱ ለቀመና አዲስ መስታወት አስገጠመለት። ሲፈነዳ እንዲያ ነው፣ ሲበርድም እንዲህ።

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣው አንድ ቀን ብቻ ነግሮኛል። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ቤት ሲገባ ቺንጋ የሚሉትን የተበጠሰ የሞተር ቀበቶ እጁ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚገባው፤ ሚስቱንም ልጆቹንም በዚያው ይገርፋል። ፊውዝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ በምት ብዛት አንድ ጆሮዋ ደነቆረ። በሳምንቱ አባትየው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ተኝቶ ሲሠራ፣ ልጁ መጥቶ የክሪኩን እጀታ ጨበጠ። አባት መጀመሪያ እግሮቹን፣ ቀጥሎ ጎንበስ ያለ ፊቱን አየ።

«ዓይን ለዓይን ተያየን» አለኝ ፊውዝ። «ልቡ ሲመታ ሸሚዙ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኝ ነበር። ከዚያ እጄን ከእጀታው አነሣሁና ወደ እናቴ ገባሁ።»

አባቱ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ እጁን አላነሣም። ልጁም ሰው የሚሰማው ሲፈራ ብቻ ነው ብሎ አመነ። እንደዚያው እያደረገ ጎለመሰ።

ሥራው ላይ ግን ሌላ ሰው ነው፤ በተለይ የፊት መብራት ላይ የሚደርስበት የለም። አምፖል ሲይዝ መስታወቱን በጣቱ አይነካም፤ የእጅ ወዝ ያረፈበት አምፖል ግሎ ይፈነዳል ይላል። መብራቴ ደከመ ብሎ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ አምፖል አይሸጥለትም። ቢጫ የመታውን የፕላስቲክ ሽፋን ያጥባል፣ ያረረውን ሶኬት ይቀይራል፣ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ አዲስ መስመር ይዘረጋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ለካ አምፖሉ ደህና ነበር!» ብሎ ይሄዳል። ያልረካ ሰው ካለ፣ ዋቱ ሳይጨምር ጥራቱ ከፍ ያለ አምፖል መርጦ ይገጥምለታል። ከዚያ መኪናውን ከፊት ለፊታችን ካለው ነጭ ግንብ አምስት ሜትር አርቆ ያቆምና በጠመኔ በተሰመሩት መስመሮች ላይ ብርሃኑን ያስተካክላል። አጭሩ መብራት ከመስመሩ በላይ ጣት ያህል ከወጣ ደንበኛው አይለቀቅም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከእኛ ሁለት መታጠፊያ ይርቃል። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ደጅ የሚያደርገው ግን አንገሽግሿት ነበር። ባለፈው ዓመት የአንድ ሾፌር አፍንጫ ሰብሮ ሁለት ቀን ከታሰረ በኋላ፣ ከጣቢያው በር ላይ ተቀብላው እስከ ቤት ድረስ ፊት ፊቱ ሄደች። ቤት ሲደርሱ፣ ሌላ ጊዜ በእሱ ጠብ ምክንያት ጣቢያ ደጅ ብትቆም ከዚያው ቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት እንደምትሄድና እንደማትመለስ ነገረችው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እሱም እንደማታሾፍ ገባው።

በወሩ ነብሮ መጣ። ነብሮ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ስሙን ያገኘው መኪናው ግንባር ላይ ካሣለው ነብር ነው። የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ካርቶን በብብቱ ይዞ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ ከኋላቸው ማራገቢያ ያላቸው ሁለት ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች አወጣና እንዲገጠሙለት ጠየቀ።

ፊውዝ አገላብጦ አያቸውና መለሰለት። በትዕግሥት ነበር ያስረዳው፣ እኔ ምስክር ነኝ። የመኪናው መብራት ቤት የተሠራው ውስጡ ክር ለሚግልበት አምፖል ነው፣ ይሄ ሲገባበት ብርሃኑ የሚያርፍበት አጥቶ ይበተናል፣ ለአንተ ቀን ይመስልሃል፣ ከፊትህ የሚመጣው ሰው ግን ይታወራል አለው። መስመሩን አድሼ ጥሩ አምፖል ልግጠምልህም አለ። ነብሮ ሳቀ። ከፊቱ የሚመጣው ሰው የራሱን ዓይን ራሱ ይጠብቅ ብሎ ነገሩን ወደ ስድብ ወሰደው፤ ስድቡም የፊውዝ እናት ላይ ደረሰ።

ፊውዝ አንገቱን ይዞ ከሚኒባሱ በር ጋር አላተመው። ነብሮ ዘወር ብሎ የእኔን የክሪክ እጀታ ከመሬት አነሣና የፊውዝ ትከሻ ላይ አሳረፈበት፤ አጥንት ሲሰነጠቅ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁት። ፊውዝ በጉልበቱ ወደቀ። ቢወድቅም የነብሮን እግር ጠልፎ ጣለውና ላዩ ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ፊቱን መታው። በአራተኛው ክንዱን ያዝኩት። ሌላ ጊዜ ክንዱን ስይዘው እኔንም አንጠልጥሎኝ ነው የሚመታው። ያን ዕለት ግን ክንዱ እጄ ውስጥ ውሃ ሆነ። ደም እየተፋ ወደ ሚስቱ ሱቅ መታጠፊያ ተመለከተ። ከዚያ ተነሣ፣ አፉን በእጅጌው ጠረገና ለነብሮ እጁን ዘረጋ።

«አምጣው» አለ። «ልግጠምልህና ሂድልኝ።»

በአንድ እጁ ነው የገጠመው፤ ሌላውን ማንሣት አልቻለም። መብራቱ ሲበራ ግንቡ ላይ መስመር የሚባል ነገር ጠፋ፤ ከጠመኔው በላይም በታችም አንድ ወጥ ነጭ ሆነ። ፊውዝ ማስተካከያውን ዝቅ ቢያደርገውም ለውጥ አልነበረውም። ነብሮ ያበጠ ከንፈሩን እየላሰ አስነሥቶ ሄደ።

እኛ የሰፈሩ ሠራተኞች ከበብነውና አመሰገንነው። ዛሬ ገና ሰው ሆንክ አልነው፤ እኔም ብያለሁ። ሚስቱ ትከሻውን ስታስር ፈገግ እንዳለች በኋላ ነግሮኛል። እሱ ግን እስኪመሽ ድረስ ግንቡን ሲያይ ቆየ።

በስድስተኛው ቀን፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ከዳቦ ቤቱ የተጫነ ሞተር ሳይክሉን ይዞ ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ደረሰ። ዳቦ ጋግሮ ራሱ ለየሱቁ የሚያደርስ፣ ፊውዝን ጋሼ እያለ የሚያከብር፣ የሠርጉን ቀን የቆረጠ ልጅ ነበር። የድልድዩ መግቢያ ጠመዝማዛ ነው። ከወዲያ ማዶ መኪና ሲመጣ ልጁ ድልድዩን አጣው፤ ሞተሩ ከብረት አጥሩ ጋር ተላተመ፣ ግራ እግሩም በመሃላቸው ቀረ። መኪናው ሳይቆም አለፈ። ሰዎች ሲደርሱ ዳቦው ደም ላይ ተበትኖ፣ ልጁ እግሩን በሁለት እጁ አንቆ ይዞ አገኙት። ሆስፒታል ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ሲነቃ ፊውዝ አጠገቡ ነበር።

«ነጭ ብቻ ነው ያየሁት፣ ጋሼ» አለው። «አንሶላ ፊቴ ላይ የጣሉብኝ ነው የመሰለኝ።»

ከኋላው የነበረ ብስክሌተኛ ደግሞ የሚኒባሱ ግንባር ላይ ነብር እንዳየ ተናግሯል።

ፊውዝ ከሆስፒታሉ ወጥቶ በእኔ ደጅ አለፈ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ብጠራውም አልሰማኝም። ሰው ሊገድል ነው ብዬ ሥራዬን ጥዬ ተከተልኩት። ሚኒባሶች ተሰልፈው የሚጭኑበት ቦታ ስንደርስ ዝናብ ይጥል ስለነበር ነብሮ መብራቱን አብርቶ ነው የቆመው። ፊውዝ ወደ ሰውዬው ዞር ብሎም አላየ። ኮፈኑን ከፈተና እጁን ከመብራቱ ጀርባ ከተተ። የአምፖሉ ብረት ግሏል፤ ቆዳው ሲቃጠል ጥርሱን ነክሶ ማጉረምረሙ ይሰማኛል።

ነብሮ ከወንበሩ ሥር የጎማ መፍቻ ይዞ ወረደ። እኔ በየቀኑ የምይዘው ብረት ስለሆነ ክብደቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ፊውዝ በኮፈኑ ላይ ተደፋ፣ ግን እጁን አላወጣም፤ የግራውን ነቅሎ ወደ ቀኙ ተሻገረ። ሁለተኛው ምት ጎኑ ላይ አረፈ። እኔ ነብሮን ከኋላ ለማነቅ ሞከርኩ፣ በክርኑ ሆዴን መትቶ ጣለኝ። መሬት ላይ ሆኜ ፊውዝ ቀኙን አምፖል ሲያወጣ አየሁ።

ከዚያ ዞረ። አሁን ነብሮ አለቀለት አልኩ በልቤ። ፊውዝ ግን አምፖሎቹን ኪሱ ከተተ።

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለው። «የማወጣውም እኔ ነኝ።»

ነብሮ ወደ ፊውዝ ጭንቅላት ሰነዘረ፤ ፊውዝ በክንዱ መክቶ መለሰውና ክንዱ ተሰበረ። ይህን ጊዜ ስለ ልጁ የሰሙት ሾፌሮች ነብሮ ላይ ወረዱበት። ብረቱን ነጥቀው በእርግጫና በጡጫ ጭቃ ውስጥ አንከባለሉት፤ አንዱ በጫማው ጣቶቹን ሲረግጥበት አይቻለሁ። ፊውዝ ወደ ኋላም አልተመለከተ። የተሰበረ ክንዱን በሌላው ደግፎ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄደ፣ አምፖሎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እንደሚያሳውሩ እያወቀ እንደገጠማቸው አስመዘገበ።

ወንድሟን ያሳወረው መብራት ባሏ የገጠመው መሆኑን ሚስቱ ገና አላወቀችም ነበር። ክንዱ ሳይታሰር በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነገራት። ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። ለወንድሟ ሾርባ ያመጣችበት የብረት ዕቃ በእጇ ነበር፤ በዚያው መታችው። ፊቱን መታችው፣ የተሰበረውንም ክንድ መታችው። እሱ አልተከላከለም፤ ነርሶች መጥተው እስኪይዟት ድረስ ቆመላት። «በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም» አለችኝ። «ስመታው ደግሞ ማቆም አቃተኝ።»

ዕለቱን ወንድሟ ቤት ገባች።

ፍርድ ቤት የነብሮን መንጃ ፈቃድ ቀምቶ ሁለት ዓመት እስር ፈረደበት። ፊውዝ ሦስት ወር ተፈረደበትና ጨረሰው። ከእስር ሲወጣ የጆሮው ጫፍ ተቆርጦ ነው የወጣው፤ ማን እንደቆረጠው አልጠየቅኩም፣ የቆራጩ ሁኔታ ግን ከጆሮው የባሰ ይመስለኛል። ተለወጠ የሚለኝ ሰው ካለ ፊውዝን አያውቀውም።

ሚስቱ በስምንተኛው ወር ተመለሰች። የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና መጣች፣ ልብስህን አውልቅ፣ ቆሽሿል አለችው። ወንድሟ ግን አልታረቀም። ሰው ሠራሽ እግር ገጥሞ እንደገና መጋገር ጀመረ፤ ሞተሩን ሌላ ሰው ይነዳለታል። የታጨችለት ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቃው ቀረች። ፊውዝ በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት ዳቦ ቤቱ እየሄደ የዱቄት ጆንያ ከመኪና ያወርድለታል፣ ከምድጃው አጠገብ ይደረድርለታል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶት ሊጡን ያቦካል። ይህ አራት ወር ያህል ሄደ።

አንድ ጠዋት ልጁ ከምድጃው ዘወር ሲል ሰው ሠራሹ እግር አዳለጠውና በግንባሩ ወደቀ። ፊውዝ ሊያነሣው ብብቱን ሲይዘው ልጁ ጮኸበት። ሁለቱ ወንዶች ዱቄት ውስጥ ተናነቁ፤ ልጁ የዳቦ መጋገሪያውን ብረት አንሥቶ የፊውዝ ግንባር ላይ ወረወረበት። ቅንድቡ ተተረተረ። ደሙ ዱቄቱን ሲያቦካው ፊውዝ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ጋ መጣና ቁስሉ በስምንት ስፌት እስኪሰፋ ድረስ ክሊኒክ ይዤው ዋልኩ።

በማግስቱ ቅንድቡ ላይ ፋሻ ለጥፎ ሄደ። ጆንያውን ተሸክሞ ገባና እንደወትሮው ምድጃው አጠገብ አስቀመጠ።

«እዚያ አይደለም» አለ ልጁ፣ ፊቱን ሳያዞር። «እርጥበት ይነካዋል። ወደዚህ አዙረው።»

ፊውዝ አዞረው።

ይህን ሲነግረኝ መሬት ላይ ተቀምጦ የአንድ ታክሲ ሶኬት ይፈታ ነበር። ድምፁ ሲቆራረጥ እንዳልሰማሁ ሆኜ ጎማዬን መንፋት ቀጠልኩ።