ትሎቹ ከየት መጡ

የወሰዱኝ ከክፍል ውስጥ ነው። ሰሌዳው ላይ የአበባ ሥዕል ጀምሬ ነበር። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ስሜን ሲጠሩ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ እጄን አራግፌ ተከተልኳቸው። ለተማሪዎቹ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም።

ያስገቡን ደብረ ብርሃን ዳር ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እስር ቤቱ ሞልቷል ተባለ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ሚስማር በበሳቸው ቀዳዳዎችና በበሩ ሥር ነበር። ብርዱ ከሲሚንቶው እየወጣ አጥንት ስለሚገባ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ብቻ በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ቦታ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር።

ከአንኮበር በታች፣ ከአሊዩ አምባ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። መኪና ላይ ሲጫኑ የጎኑ ላሜራ ቅልጥማቸውን ሰንጥቋቸዋል፤ ከዚያ እዚያው ቆላ፣ ሙቀቱ ውስጥ ሁለት ቀን አቆይተዋቸው ነው ወደ እኛ ያመጧቸው። እኔን የያዙኝ በመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኩት እንደሆነ ነግረውኛል። እሳቸው ግን በምን እንደታሰሩ እንኳ የነገራቸው አልነበረም።

ቁስላቸው ስለሚሸት ሰው ያራቃቸው መስሎኝ ነበር። ከአረርቲ የመጣ አንድ የከብት ነጋዴ ግን ማንም እንዳላራቃቸው፣ ራሳቸው እንደራቁ ነገረኝ። ሶላትም ትተዋል አለኝ። ሌሎቹ ሙስሊሞች ጥግ ይዘው ሲሰግዱ አባባ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው ያዞራሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን እንደማስተምር ጠየቁኝ። ባዮሎጂ እንደሆነ፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት፣ እስከ ትንንሾቹ ነፍሳት ድረስ እንደማስተምር ነገርኳቸው። ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገለጡ።

ቁስሉ ውስጥ ትሎች ነበሩ። ነጫጭ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ጭንቅላታቸውን ሥጋው ውስጥ ቀብረው ጅራታቸውን ወደ ላይ ያደረጉ። የሚተነፍሱት በጅራታቸው በኩል ነው። ይህን ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ሰው ላይ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

«መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እነዚህ ከኔ ነው የወጡት?»

መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ አስረዱኝ። የሰው ሥጋ ትል የሚያወጣው መቃብር ከገባ በኋላ ነው፤ የእሳቸው ግን ገና በቁማቸው መበስበስ ጀምሯል። እንዲህ ነጃሳ የሆነ ገላ ይዘው አላህ ፊት እንዴት ይቆማሉ?

«አይደለም አባባ። ከውጭ ነው የመጡት» አልኳቸው። «ዝንብ ናት እንቁላሏን የጣለችብዎት።»

ከዚያ ለተማሪ እንደማስረዳ አስረዳኋቸው። ዝንቧ የቁስል ሽታ ከሩቅ እንደምትለይ፣ እንቁላሏ በአንድ ቀን እንደሚፈለፈል፣ ትሎቹ የሞተውን ሥጋ በልተው ሲያድጉ ወርደው አፈር ውስጥ እንደሚገቡ፣ ክንፍ አውጥተውም እንደሚሄዱ። እነሱ ባይኖሩ ሜዳው ሁሉ በጥንብ ይሞላ እንደነበር ነገርኳቸው። ሥጋ ራሱ፣ የሞተም ቢሆን፣ ትል አይወልድም አልኳቸው።

«ዝንብ እንዳይደርስበት ቢከደን አያወጣም?»

«አያወጣም።»

«እንግዲያው አልበሰበስኩም።»

«አልበሰበሱም አባባ።»

አልሐምዱሊላህ አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

የከብት ነጋዴው ሰምቶን ኖሮ መጣ። ከብት ላይ እንዲህ ሲሆን ናፍታ እንደሚያፈሱበትና ትሎቹ ወዲያው እንደሚረግፉ ተናገረ። ጠባቂውን ለመነው፤ እሱም አንድ ኩባያ ናፍታ ሊያመጣልን ፈቀደ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

ተዉት፣ የሚበሉት የሞተውን ብቻ ነው፣ ቁስሉን እያጸዱላቸው ነው አልኩ። እንደ እርግጠኛ ሰው ነው የተናገርኩት። ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ቆላ ውስጥ ትሏ የሞተውን ሳይሆን ሕያውን ሥጋ የምትበላ የዝንብ ዓይነት አለች። አባባ የቆሰሉት እዚያ ነው። በሚስማር ቀዳዳ ብርሃን የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። የቁስሉ ጠርዝ ቀይና ንጹሕ መሰለኝ፤ በዚያ ተማምኜ ወሰንኩ። ጠባቂውን ሐኪም እንዲጠራልን ለመንኩት። እናገራለሁ አለኝ። ተናግሮም ይሆናል።

ቀትር ሲደርስ አባባ ውዱእ ማድረግ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጠርሙስ ነበር የሚደርሰን፤ የእሳቸው አልቋል። ክርስቲያኑ የከብት ነጋዴ ከራሱ ግማሹን ጣሳ ውስጥ ገለበጠ። ሌሎቹም እየተነሱ ትንሽ ትንሽ ጨመሩበት። አባባ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ በቆሰለው እግር ላይ እርጥብ እጃቸውን በቀስታ አሳለፉ። መቆም ስላልቻሉ ተቀምጠው ሰገዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሃላችን ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው ሸራ ይዘው የመጡትን ሁለት ጠባቂዎች አባባ ትንሽ እንዲታገሷቸው ጠየቁ። ሽርጣቸውን አጥብቀው አሰሩ፣ ቤቱን ሁሉ በሰላምታ ተሰናበቱ፣ ሸራውን ትተው ትከሻዬን ተደግፈው በእግራቸው እስከ በሩ ሄዱ። እኔን እዚያ አቆሙኝ። ከሁለት ቀን በኋላ አንደኛው ጠባቂ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ መንገድ ላይ እንደሞቱ ነገረኝ።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። ቁስሉ መርዞ ይሆናል፣ ትሎቹ ላይሆኑ ይችላሉ አለኝ። እሱም ሳያይ ከዚህ በላይ ሊነግረኝ አልቻለም።

በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ወርጄ ልጃቸውን አገኘኋት። በርበሬ ትሸጣለች። ቤተሰቡ አስከሬኑ ስላልተሰጠው አጥቦ አልቀበራቸውም። አባቷ እዚያ ይሰግዱ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ከሚጠጣው ውሃ ቀንሶ እንደሰጣቸው፣ ታጥበው መሃላችን እንደሰገዱ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ደግሜ እንድነግራት ለመነችኝ። ደግሜ ነገርኳት።

ሁለቴ ስነግራት ሁለቴም ትሎቹን ዘለልኳቸው። ይህን አንድ ቀን ታነበው ይሆናል። ካነበበች፣ ያኔ የደበቅኋት ለእሷ አዝኜ ብቻ እንዳልነበር ትወቅልኝ። ናፍታው ለምን ቀረ ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው።